ከ532 ወደ 30፦ ብቸኛ አካፋዮችና ስግብግብ ስልተ ቀመር በባሕረ ሐሳብ ስሌት

ለዚህ አጭር ጽሑፍ መነሻ የሆነው የጸሐፊው የራሱ ስሕተት ነው። በምዕራብ ጎንደር ዞን የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በገለጉ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም አጽዋማትንና በዓላትን የሚያሳይ አነስተኛ የስልክ ፕሮግራም ስሠራ፣ የዐቢይ ቀመርን 532 ዓመታት በሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ አስፍሬ ነበር። ሰንጠረዡ በእጅ የተሞላ ስለነበር በአንድ ረድፍ ላይ የነነዌ ጾም መግቢያ በአንድ ቀን ተዛነፈና ማክሰኞ ላይ ዋለ። ስሕተቱን ያገኙት አንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው፤ ወረቀትም ስልክም ሳይዙ፣ በጣታቸው እየቈጠሩ። እኔ በ532 ረድፍ የያዝሁትን እርሳቸው በቃላቸው የያዙት እንዴት ነው? ከዚያ ዕለት በኋላ ጥያቄው የሃይማኖት ትምህርት ሳይሆን የስልተ ቀመር ጥያቄ ሆኖ አልለቀቀኝም።

ጥያቄውን በሒሳብ ቋንቋ እናስቀምጠው። አንድ አዎንታዊ ሙሉ ቁጥር መ ተሰጥቶናል። ትንሹ የጋራ ብዜታቸው መ የሚሆን የቁጥሮች ድርድር፣ የኮምፒውተር ሰዎች አሬይ የሚሉትን፣ መምረጥ እንፈልጋለን። እንዲህ ያሉ ድርድሮች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ የአባላቱ ድምር ከሁሉ ያነሰው የትኛው ነው? ድምሩ ዋጋ የሚኖረው እያንዳንዱ የድርድሩ አባል አንድ የሚሽከረከር ዐውድ ስለሆነ ነው፤ የ19 ዓመት ዐውድ 19 ሕዋስ ያለው ሰንጠረዥ ይፈልጋል፣ የ7 ደግሞ 7። ስለዚህ ድምሩ በቃል መያዝ፣ በወረቀት መጻፍ ወይም በማኅደረ ትውስታ ማስቀመጥ የሚገባን የሕዋሳት ብዛት ነው።

ለ532 ብዙ ምርጫ አለ። 532ን ብቻውን መያዝ ይቻላል፤ ድምሩ 532 ነው። 133ና 4ን ብንይዝ 137 ይሆናል። 76ና 7 ብንል 83፣ 28ና 19 ብንል 47። 4፣ 7ና 19 ብንል ግን 30 ብቻ ነው። ከ30 በታች የሚወርድ ድርድር የለም፤ ይህን ማረጋገጥ ይቻላል፣ ማረጋገጫውም አጭር ነው።

በመጀመሪያ መን ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ እንበትነዋለን። 532 ለ2 ሲካፈል 266፣ እንደገና ለ2 ሲካፈል 133 ይሰጣል። 133 ለ3ም ለ5ም አይካፈልም፤ ለ7 ሲካፈል 19 ይወጣል፣ 19 ደግሞ ብቸኛ ቁጥር ነው። ስለዚህ 532 = 2×2×7×19። ሥራው ከ7 ያለፈ አካፋይ መሞከር እንኳ አላስፈለገውም። የጋራ ብዜቱ 532 በሆነ ማንኛውም ድርድር ውስጥ ቢያንስ አንዱ አባል ለ4፣ ቢያንስ አንዱ ለ7፣ ቢያንስ አንዱ ለ19 መካፈል አለበት፤ ሦስቱ ግዴታዎች በአንድ አባል ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፣ ሊበተኑም ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ግዴታ አንድ ኃላፊ አባል እንሰይምና ከየአባሉ ላይ ያልተሰየመበትን ትርፍ እናንሣ። ድምሩ ይቀንሳል ወይም ባለበት ይቆያል እንጂ አይጨምርም፤ የጋራ ብዜቱም አይለወጥም።

አሁን አንድ አባል ሁለት ግዴታዎችን አብሮ ቢሸከም፣ ማለትም ከ1 በስተቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ሀንና ለን አባዝቶ ቢይዝስ? ሀና ለ ሁለቱም ቢያንስ 2 ናቸው። እንግዲያስ (ሀ−1)×(ለ−1) ቢያንስ 1 ነው። ቅንፎቹን አባዝተን ስንዘረዝር ሀ×ለ ከሀ+ለ እንደማያንስ እናገኛለን። እኩል የሚሆኑት ሀም ለም 2 ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ሁለት 2ዎች ግን የጋራ አካፋይ ስላላቸው ይህ እዚህ አይደርስም። ስለዚህ አብሮ የተሸከመውን አባል በከፈልነው ቁጥር ድምሩ በእርግጥ ይቀንሳል። ሊከፈል የሚችል እስኪጠፋ ድረስ ብንቀጥል የምንደርሰው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ ከነሙሉ ርቢው ለብቻው የቆመበት ድርድር።

ይህ ስግብግብ ስልተ ቀመር የሚባለው ዓይነት መፍትሔ ነው። በየደረጃው ወዲያው የሚያተርፈውን እርምጃ ይወስዳል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። እንዲህ ያለው አካሄድ ብዙ ጊዜ ያታልላል፤ እዚህ የማያታልልበት ምክንያት አንዱ ብቸኛ አካፋይ በሌላው ላይ ምንም ተጽዕኖ ስለሌለው ነው። 4ን ለይተን ማውጣታችን 7ን በኋላ ለይቶ ለማውጣት አያግደንም። በነገራችን ላይ «ስልተ ቀመር» ለሚለው አዲስ ቃል የተበደርነው «ቀመር» ራሱ የባሕረ ሐሳብ ቃል ነው፤ ብድሩ ሳይታወቀን ወደ አበዳሪው ቤት መልሶናል።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የባሕረ ሐሳብ ስሌት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ አስትሮኖሚና የዘመን ስሌት ጥናት ግዕዙ ትውፊት የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቆ እንደቆየ አሳይቷል፤ በአማርኛ ደግሞ የጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» ለዚህ ዘርፍ ተማሪ ሁሉ በር ከፋች ነው። ሊቃውንቱ ድምር ለማሳነስ ብለው 4ን፣ 7ንና 19ን እንዳልመረጡ ግን ግልጽ መሆን አለበት። አራቱ የመጡት ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ስለምትሆን ነው፤ ሰባቱ ከሳምንት፤ 19ኙ ደግሞ 235 የጨረቃ ወራት ከ19 የፀሐይ ዓመታት ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆናቸው የሰማይ ዕድል ነው። የጨረቃው ዐውድ 20 ቢሆን ኖሮ ከ4 ጋር ይጋጭ ነበር፤ 4፣ 7፣ 20 የተባለው ድርድር 31 ሕዋስ ሲፈጅ ምርጡ 4፣ 5፣ 7 በ16 ይጨርስ ነበር። የሊቃውንቱ ድርሻ ሌላ ነው፤ ሦስቱን ዐውዶች ሳይደባልቁ ለየብቻ ማስተማራቸው።

ስሌቱ በተግባር ሲሠራ ለማየት ከዚሁ ቆላ አንድ ቀን እንውሰድ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት የመተማ ጦርነት የተካሄደው መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። 5500ን ስንደምር ዓመተ ዓለሙ 7381 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ዘመነ ማቴዎስ ነው። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል፤ ለ19 ሲካፈል 9 ይቀራል። የዓመቱን ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ ቀሪዎች ማግኘት አለብን፤ 7381ን ከዚህ በኋላ መርሳት ይፈቀዳል።

መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ለማግኘት የተለመደው መንገድ ዓመተ ዓለሙን ከመጠነ ራብዒቱ ጋር ደምሮ ለ7 መግደፍ ነው፤ 7381ና 1845 ሲደመሩ 9226 ነው፣ ለ7 ሲካፈል ምንም አይቀርም፣ ያለ ቀሪ ማለት ሰኞ ነው። ነገር ግን መጠነ ራብዒት ከቀሪዎቹ አንዱ አይደለም፤ ሙሉውን ዓመት ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ማሻሻያ አለ። 4×2 = 8 ለ7 ሲገደፍ 1 ስለሚሰጥ፣ በሰባት ስሌት ለ4 ማካፈል ማለት በ2 ማባዛት ነው። ለ4 የተካፈለውን ቀሪ ወ፣ ለ7 የተካፈለውን ቀሪ ሰ ብንለው መጠነ ራብዒቱ በሰባት ስሌት 2×(ሰ−ወ) ይሆናል፤ ሰን ስንጨምርበት ዕለቱ 3×ሰ − 2×ወ ሆኖ ይወጣል። ለ1881 ዓ.ም. 9−2 = 7፣ ለ7 ሲገደፍ ምንም አይቀርም፤ ሰኞ። ትልቁን ቁጥር ሳንነካ ከሁለት ትንንሽ ቀሪዎች ብቻ እዚያው ደረስን። መጋቢት 1 ከመስከረም 1 180 ቀን ይርቃል፤ 180 ለ7 ሲገደፍ 5 ይቀራል፤ ከሰኞ አምስት ቀን ስንቈጥር ቅዳሜ ላይ እንወድቃለን። ጦርነቱ የተደረገበት መጋቢት 1፣ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር ማርች 9 ቀን 1889፣ በእርግጥ ቅዳሜ ነበር።

የጨረቃው ክፍል ከ19ኙ ቀሪ ብቻ ይመጣል። መደብ 9 ስለሆነ ወንበር 8 ነው። 8×11 = 88 ለ30 ሲገደፍ አበቅቴ 28፤ 8×19 = 152 ለ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 2፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው ስሌቱ እንዳልተሳሳተ ያሳያል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚያንስ ጥቅምት 2 ላይ ይውላል፤ ያም ሐሙስ ነው፣ የሐሙስ ተውሳክ 3። መባጃ ሐመር 2+3 = 5፤ ነነዌ የካቲት 5፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 19፣ ፋሲካ ሚያዝያ 14። እንግዲህ በመተማ የተዋጉት የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች በዐቢይ ጾም 13ኛ ቀን ላይ ነበሩ ማለት ነው። የታሪክ ተማሪ ይህን ከመጻሕፍት ሊያገኘው ይችላል፤ እዚህ የተገኘው ግን ከ1፣ ከ3ና ከ9 ነው።

ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. የፋሲካን ቀን ማውጫ ቀመሩን ሲያሳትም ዓመቱን ያካፈለው ለ19፣ ለ4ና ለ7 መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ምናልባት ፈገግ ይላል።

ቀሪዎቹን ይዞ ወደ ዓመቱ መመለስም ይቻላል። ለ4 ሲካፈል 1፣ ለ7ና ለ19 ያለ ቀሪ የሚካፈለው ቁጥር 133 ነው። ለ7 ብቻ 1 የሚያስቀረው 456፣ ለ19 ብቻ 1 የሚያስቀረው 476 ነው። ስለዚህ 1×133 + 3×456 + 9×476 = 5785፤ ለ532 ሲገደፍ 465 ይቀራል። 7381ም 13 ዐቢይ ቀመር ተቀንሶለት የሚተርፈው 465 ነው። ከ532 ዓመት በሚያንስ ርቀት ያሉ ሁለት ዓመታት በሦስቱም ቀሪዎች ሊመሳሰሉ አይችሉም።

ይህ ለድርሳን አጥኚዎች የሚጠቅም ነገር አለው። በታሪከ ነገሥትና በብራና ኅዳግ ላይ ዓመቱ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይጻፍም፤ ወንጌላዊው፣ ዕለቱ፣ አበቅቴው ወይም መጥቅዑ አብሮ ይጠቀሳል። ገልባጩ 1881ን በስሕተት 1861 ብሎ ቢጽፍ የ20 ዓመት ልዩነት ለ4 ስለሚካፈል ወንጌላዊው ዝም ይላል፤ ዕለቱና መጥቅዑ ግን ያጋልጡታል። ልዩነቱ 28 ዓመት ከሆነ ወንጌላዊውም ዕለቱም አይናገሩም፤ መጥቅዕ ብቻ ይመሰክራል። 76 ከሆነ የቀረው ምስክር ዕለቱ ነው። 133 ከሆነ ወንጌላዊውና ዕለቱ። እያንዳንዱ ዐውድ ሌሎቹ የማያዩትን ያያል፤ ስለዚህም ጥቅሱ ካልተሟላ የትኛው የስሕተት ዓይነት ሳይታይ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። የኔ ባለ 532 ረድፍ ሰንጠረዥ ይህ መከላከያ አልነበረውም፤ አንድ ረድፍ ሲሳሳት ሌላው ረድፍ ምንም አይሰማውም። በባለ 30ው አሠራር ግን ከ19ኙ መጥቅዖች አንዱ ቢሳሳት በየ19 ዓመቱ ስለሚደገም በጥቂት ሙከራ ይያዛል።

እስካሁን ድርድሩን ራሳችን ነው የመረጥነው። ድርድሩ አስቀድሞ ተሰጥቶን ከውስጡ መምረጥ ብቻ ቢፈቀድልንስ? ለምሳሌ ትምህርቱ በስም የሚያውቃቸውን ዐውዶች እንውሰድ፤ የዕለት 7፣ የአበቅቴ 19፣ የፀሐይ 28፣ የማኅተም 76፣ የዐቢይ ቀመር 532። 4 ለብቻው በዚህ ረድፍ የለም። የጋራ ብዜታቸው 532 የሚሆኑ፣ ድምራቸው ግን ትንሽ የሆኑ አባላትን ከነዚህ እንምረጥ። ስግብግቡ አካሄድ በየደረጃው «ለአንድ አዲስ ግዴታ የሚከፈለው ዋጋ» አነስተኛ የሆነውን ያነሣል። መጀመሪያ 7ን ይወስዳል፤ አንድ ግዴታ በ7። ቀጥሎ 19ን፤ አንድ ግዴታ በ19። አሁን የቀረው የ4 ግዴታ ነው፤ ርካሹ 28። ድምሩ 54 ሆነ። ምርጡ መልስ ግን 28ና 19 ነው፣ 47። ስግብግቡ መጀመሪያ ያነሣው 7፣ 28 ከመጣ በኋላ ትርፍ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ የማያስፈልገውን የሚጥል ማጣሪያ ብንጨምርለት እዚህ ላይ ወደ 47 ይደርሳል፤ በሁሉም ድርድር ላይ ግን አይደርስም። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የስብስብ ሽፋን ጥያቄ ነው፤ ብቸኛ አካፋዮቹ የሚሸፈኑት ነገሮች፣ የድርድሩ አባላት ሽፋኖቹ ናቸው። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ ምርጡን የሚሰጥ ፈጣን ስልተ ቀመር አልተገኘም፤ ስግብግቡ የሚሰጠው ዋስትና የስሕተቱ ስፋት ከግዴታዎቹ ብዛት ሎጋሪዝም ጋር የተመጣጠነ መሆኑን ብቻ ነው። ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ነጻ ምርጫ ሲኖር ብቸኛ አካፋዮች እርስ በርስ አይነካኩም፤ የተሰጠ ድርድር ግን አንዱን ከሌላው ጋር ጠፍሮ ያመጣቸዋል፣ ስግብግብነትም በዚያው ይሰናከላል።

ጥያቄውን ገልብጠን ድምሩን ብንወስንና የጋራ ብዜቱን እንዲያድግ ብንፈልግም ስግብግቡ ይወድቃል። ይህ በ1903 እ.ኤ.አ. ኤድመንድ ላንዳው ያጠናው ጥያቄ ነው። በ30 ሕዋስ ባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት ይሸፍናል፤ በዚያው 30 ግን 3፣ 4፣ 5፣ 7ና 11 ቢደረደሩ 4620 ይደረሳል፣ ከዚያ በላይም አይቻልም። ስግብግቡን ለመፈተን ድምሩን 9 እናድርገው። ከትንሹ ብቸኛ ቁጥር የሚጀምረው 2ንና 3ን ይይዛል፤ ለ5 የሚበቃ ስለማይተርፈው 2ን ወደ 4 ያሳድግና በ12 ይቆማል። ከትልቁ የሚጀምረው 7ንና 2ን ይዞ በ14 ይቆማል። ትክክለኛው 4ና 5 ነው፣ 20። እዚህ ብቸኛ ቁጥሮቹ አንድ ኪስ ይሻማሉ፤ ለአንዱ የወጣው ለሌላው አይገኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ርቢዎቹን ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ ድምር እስከዚያ የተገኘውን ትልቁን ብዜት እየመዘገበ የሚሄደው ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ አሁን ሦስት ድርድሮች አሉት። ባለ 4ቱ የወንጌላውያን ስም፣ ባለ 7ቱ ዕለታትና ተውሳኮቻቸው፣ ባለ 19ኙ መጥቅዕ። ሌላው ሁሉ መደመርና መግደፍ ነው። በመተማ ዮሐንስ ከወሰኑ ማዶ ካለችው ከጋላባት ጋር የሚገበያይ ሰው ግን የሂጅራን ወራትም ስለሚፈልግ፣ ተመሳሳዩን አሠራር በእርሱ ላይ ሞክሬው ነበር። በሠንጠረዥ የሚሠራው የሂጅራ ዐውድ 30 ዓመት፣ በቀን 10631 ነው። እስከ 103 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ሲሞከር አንዱም አያካፍለውም፤ 10631 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። ከሳምንቱ 7 ጋር ምርጡ ድርድር 10631ና 7 ብቻ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚበተን ነገር የለም፤ ዕለታቱም በቀናቸው የሚመለሱት ከ210 የሂጅራ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ላይ ረመዳንና ዒድ የሚወሰኑት ጨረቃ በዓይን ስትታይ ነው። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ ያ ዓምድ ባዶ ተትቷል፤ ጨረቃ ስትታይ ተጠቃሚው በእጁ ይሞላዋል።